ስለ አያቴ የስም መዝገብ

«አባት» የምትለው ቃል በአገራችን የምትሸከመው ሸክም ብዙ ነው። ሥጋን የወለደ አባት አለ፤ ሕፃኑን ከጥምቀቱ ዳር የሚቀበል የክርስትና አባት አለ፤ ኃጢአትን ሰምቶ ቀኖና የሚሰጥ የንስሐ አባት አለ፤ ባዳን ከባዳ የሚያዛምድ የጡት አባት አለ። በጎጃም ደግሞ ርስት በትውልድ ቍጥር ይያዝ በነበረበት ዘመን መሬቱን በመጀመሪያ ያቀናው ሰው «ዋና አባት» ይባል ነበር፤ ከእርሱ ወርዶ የየቅርንጫፉ ራስ የሆነው «ምንዝር አባት» ይባል ነበር። ከእነዚህ ስሞች ግን ለአያቴ፥ ማለት ለእናቴ አባት፥ በሙላት የሚስማማ አላገኘሁም። ሹም አልነበሩም፤ ካህንም አልነበሩም፤ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ወደ ሞፈራቸው የተመለሱ ገበሬ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሁሉ የያዙት ሥራ አንድ ነው፤ እርሱም ከቤታቸው የወጣውንና ወደ ቤታቸው የገባውን ሰው አለመርሳት ነው። እኔም ይህን የምጽፈው ትተውልኝ ስላለፉት አንድ ስም ነው። ያን ስም ከየትኛው ወገን እንደምጠራው እስከ ዛሬ ድረስ ያስጨንቀኛል።

አያቴ የተወለዱት በምሥራቅ ጎጃም፥ ከዓባይ አፋፍ በላይ ባለው ደጋ ነው። የተወለዱበትን ዘመን በትክክል አያውቁትም ነበር፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. በገባ ጊዜ ጢማቸው ገና ማቀምቀሙ እንደ ነበረ ግን ይናገሩ ነበር። ያደጉበትም ቤት የዘር ቍጥር እንደ ዳዊት በቃል የሚጠናበት ቤት ነበረ። በዚያ አገር ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ ቈጥሮ ከደረሰበት አቅኚ ሁሉ ድርሻዬ ብሎ ለመጠየቅ ይችል ነበርና ዘር መቍጠር የእንጀራ ነገር ነው። ሴትም እንደ ወንድ ትወርሳለች፤ ልጇም በእርሷ ስም ይከራከራል። ሙግት በተነሣ ጊዜ ምስክሩ የሽማግሌ አፍ ነበረ እንጂ ወረቀት አልነበረም። ስለዚህም ብዙ ሰው የዘሩን ቍጥር ለልጁ በሹክሹክታ ያስተምረው፥ ከባዳ ግን ይሰውረው ነበር። አያቴ እስከ ዘጠኝ ትውልድ ይቈጥሩ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፥ የጎጃም ገበሬ «ርስታችን ሊለካና ሊወሰድ ነው» ብሎ በተነሣበት ወራት፥ የወንዙ ሽማግሎች ስብሰባ ያለ እርሳቸው አይቀመጥም ነበር ይባላል። እኔ ያን አላየሁም፤ የተወለድሁት ከዚያ ሁለት ዓመት ቈይቼ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ታወጀ። የዘር ቍጥር ዋጋ በአንድ ቀን ወደቀ። ለጭሰኛው አገር ይህ ምን ያህል ደስታ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ በእኛ ደጋ ግን ሽማግሎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ትምህርት ሰሚ እንዳጣ ሆነባቸው። ብዙዎቹም ተዉት። ካልተጠየቀ ሰው ዘንድ እውቀት ቶሎ ይሸሻልና፥ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የአያታቸውን አባት ስም የሚያሳስቱ ሽማግሎች አይቻለሁ። አያቴ ግን መቍጠራቸውን አላቋረጡም። ጎረቤታቸው «አሁንማ ማን ሊያከራክርዎ ነው?» ብሎ ቢያሾፍባቸው «እስካሁን ለመሬቱ ስል ቈጠርኋቸው፤ እንግዲህ ደግሞ ለራሳቸው ስል እቈጥራቸዋለሁ» አሉት። ይህን ቃል እናቴ አሥር ጊዜ ነግራኛለች።

ቍጥሩ ርስት መሟገቻነቱ ቢቀር ለጋብቻ ይፈለግ ነበር። ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት ነውር ስለ ሆነ፥ ከሩቅ መንደር እንኳ ሳይቀር ሰው ሽምግልና ከመላኩ አስቀድሞ ወደ አያቴ ይመጣ ነበር። አንድ ጊዜም የእኅታቸው የልጅ ልጅ ልትዳር ጌሾው ተወቅጦ፥ ጠላው ተጠንስሶ፥ ዳሱ ሊጣል ሦስት ቀን ሲቀረው አያቴ በሙሽራው ወገን አንዲት ሴት እንደ ተዘለለች ደረሱበት። በእርሷ በኩል ሲቈጠር ስድስት ቤት ሆነ። በበቅሎ ሄደው ሠርጉን አስቀሩት። ሁለቱም ወገኖች ሁለት ዓመት ያህል ሰላምታ ነሷቸው። ነገሩን አሁን ሳስበው ሕጉን መጠበቃቸውን አልነቅፍም፤ የልጅቱን ልቅሶ ግን ሰምቼዋለሁ፤ በትውልድ ቍጥር ጽሕፈት ውስጥ እንዲህ ያለ ልቅሶ ቦታ የለውም።

ወደ መዝገቡ ልምጣ። አያቴ ከአባታቸው የወረሱት የብራና ዳዊት ነበራቸው፤ ሰሌዳው የወይራ፥ ማኅደሩም በጭስ የጠቈረ ጠፍር ነው። በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ አንድ ደብተራ በወስፌ አስምሮ ሁለት መደብ አበጅቶላቸው ነበር። በአንደኛው ራስ ላይ በቀይ ቀለም «ሕያዋን» ይላል፤ በሁለተኛው ራስ ላይ «ሙታን» ይላል። ከዚያ በታች ስም ብቻ ነው። የተጻፈውም የክርስትና ስም ነው፤ በጸሎት የሚጠራው እርሱ ነውና። በመንደር አንድ ስም ያላቸው አምስት ሰዎች ቢኖሩ በዚያ ቅጠል ላይ እያንዳንዱ ሌላ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ በቍጣ የማውቃቸው አንድ የሩቅ ዘመዳችን በዚያ ላይ የአንድ ትሑት ቅዱስ ባሪያ ሆነው ባየኋቸው ጊዜ ሳቄ መጥቶብኛል።

ሰው በሞተ ጊዜ አያቴ ስሙን በተሳለ የቢላዋ ጫፍ ከሕያዋን መደብ ይፍቁና ከወዲያኛው መደብ ያስጽፉት ነበር። ብራና መፋቅን ይችላል፤ የተፋቀው ቦታ ግን ይሻክራል፥ ጣት ሲያልፍበትም ይታወቃል። ቦታ ጠባብ ስለ ሆነም አዲስ ሕፃን ክርስትና በተነሣ ጊዜ ስሙ በተፋቀው ላይ ይጻፋል። የእኔ ስም የተጻፈው እኔ ልወለድ አንድ ወር ሲቀረው ባረፈች በአያቴ አክስት ስም ላይ ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ቢይዙት ከስሜ በታች የእርሷ ስም ጥላ ዛሬም ይታያል። ፊደሌ ከተስተካከለ በኋላ ጸሓፊነቱ ለእኔ ደረሰኝ። ከምጣድ ጥላሸት የበጠበጥሁትን ቀለም በቀንድ ይዤ ስቀመጥ አያቴ ዳዊቱን በጕልበታቸው ላይ ያስደግፉልኝና፥ ያ ሰው ማን እንደ ነበረ፥ ከማን እንደ ተወለደ፥ ለማን ምን እንዳደረገ ነግረው ካልጨረሱ ብርዕ አያስነኩኝም ነበር።

በየወሩ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፥ ወር በገባ በ27፥ መገበሪያውንና ዕጣኑን አስይዘው ዳዊቱን በብብታቸው ሸጕጠው በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጡ ነበር። ስሞቹም ከመቶ ይበልጡ ስለ ነበር የንስሐ አባታቸው አንድ ጊዜ ታክቷቸው «ሁሉንም እግዚአብሔር ያውቃቸው የለምን?» ቢሏቸው «እርሱማ ያውቃል፤ የምንረሳው እኛ ነን እንጂ» ብለው እስከ መጨረሻው አስነበቡ።

ቅኔ ቤት በገባሁ ጊዜ ከደስታ ይልቅ ጥርጣሬ አደረባቸው። ለበዓል ተመልሼ ጉባኤ ቃና መቍጠር መጀመሬን በኩራት ብነግራቸው፥ «ጉባኤ ቃና ስንት ቤት ነው?» አሉኝ። «ሁለት ቤት ነው አባባ» አልሁ። «እኔ ሰባት ቤት እቈጥራለሁ፤ አንተ በሁለት ቤት ይህን ያህል ከሳህ?» አሉኝና ቤቱን በሙሉ አሳቁብኝ። ነገር ግን እኔ ከሄድሁ ወዲህ በደጃቸው «ስለ ቸሩ እግዚአብሔር» ብሎ የቆመ የቆሎ ተማሪ ባዶ እጁን አልተመለሰም። እማማ እንደ ነገረችኝ ተማሪውን ውሻ እንዳይነክሰው ራሳቸው ወጥተው ያስገቡት ነበር፤ «የእኛን ልጅ በሌላ አገር የሚያስገባው ማን ነው?» እያሉ። የቅኔ መምህር ከሆንሁ በኋላም ደቀ መዛሙርቴ ሲለምኑ ውለው በተነከሰ እግር ሲመለሱ ይህን አስታውሳለሁ።

ከልጆቻቸው ሁሉ መጨረሻ የተወለደው አጎቴ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። በእርጅና ዘመን የተገኘ ስለ ሆነ ታላላቆቹ «ብንያም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከእኔ ጋር ያደገ፥ ጥጃ አብሮኝ የጠበቀ ነው። ፊደል የለየውም በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበረ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ነበርና በሃያ ዓመቱ፥ በ1977 ዓ.ም.፥ ተመልምሎ ሄደ። ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። ሦስተኛው በጥር 1980 ዓ.ም. ከአፍዓበት የተጻፈ ነው፤ ስለ ጦርነት አንድ ቃል የለበትም። ዝናሙ እንዴት እንደ ነበረ፥ ቀይ በሬው አሁንም ከጥማዱ እየወጣ ያስቸግር እንደ ሆነ፥ የታጨችለትም ልጅ ደኅና እንደ ሆነች ይጠይቃል። በዚያው ዓመት በመጋቢት በአፍዓበት የነበረው ሠራዊት ተሰበረ፤ ከተማይቱም ተያዘች። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም፤ የሞት መርዶም አልመጣም።

በአካባቢያችን ልጆቻቸው በዚያ ወራት የጠፉባቸው ሌሎች ቤቶች ነበሩ። ዓመት ከሞላ በኋላ አንዳንዶቹ ልቅሶ ተቀመጡ። ሬሳ በሌለበት የልጁን ልብስ አንጥፈው፥ ፎቶግራፍም ያለው ፎቶግራፉን አቁሞ፥ አልቅሰው ፍትሐት አስደረሱ፤ አርባውን አወጡ። የእኛም ቤት ሰዎች እንዲሁ እንዲደረግ ፈለጉ። አያቴ እንቢ አሉ።

የንስሐ አባታቸው በመጡ ዕለት እኔ ከቅኔ ቤት ተመልሼ በበሩ ጥግ ተቀምጬ ነበር። ንግግራቸውን ቃል በቃል ባልይዘውም ሐሳቡን አልረሳውም።

«ልጅዎ ሞቶ እንደ ሆነ» አሉ ካህኑ «ሣልስቱ፥ ሰባቱ፥ አርባው፥ ሙት ዓመቱ ሁሉ አለፈው። እርስዎ ለእንግዳ የማይነሡትን ለልጅዎ ነሡ። ሕያው እንደ ሆነ ግን ፍትሐቱ ምን ይጐዳዋል?»

«እርሱን ላይጐዳው ይችላል፤ ሕያውን ሙት ብዬ ከጠራሁ እኔን ይጐዳኛል።»

«ዳዊትን ያስቡት። ልጁ ታሞ ሳለ ጾመ፥ አለቀሰ፤ በሞተ ጊዜ ግን ተነሥቶ ታጠበ፥ ወደ እግዚአብሔርም ቤት ገብቶ ሰገደ፥ እንጀራም በላ።»

«ዳዊትማ መሞቱን ነግረውት ነው የታጠበ፤ ለእኔ ማን ነገረኝ? ያዕቆብንስ አያስቡምን? በደም የተነከረ ቀሚስ አምጥተው አሳዩት፤ ሞቷል ብሎ ማቅ ለበሰ። ልጁ ግን በግብጽ እህል ይሰፍር ነበር። እኔ ቀሚስ እንኳ አላየሁም።»

ካህኑ ዝም አሉ። እኔ ያን ጊዜ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበርሁና አያቴ በክርክሩ ረቱ ብዬ ልቤ ተደሰተ። ዮሴፍ ሲሸጥ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረ፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም ሠላሳ ዓመቱ ነበረ፤ ሰባቱ የጥጋብ ዘመንና ከራቡም ሁለት ዓመት ሲታሰብ ያዕቆብ በሐሰት ያለቀሰው ሃያ ሁለት ዓመት ነው ብዬ በልቤ አሰላሁ። ዛሬ በሸመገልሁ ጊዜ ግን የካህኑ ጥያቄ ከያዕቆብ ታሪክ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ሙታን ለራሳቸው መለመን አይችሉምና፥ እኛ እየጠበቅን ሳለን እነርሱም ይጠብቁን እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

ካህኑ አስተዋይ ሰው ነበሩ። ጥቂት ቈይተው እንዲህ አሉ፦ «በቅዳሴ ስለ መንገደኞች የሚጸለይ ጸሎት አለ። በየብስም በባሕርም የሄዱት ሁሉ ይታሰቡበታል። ልጅዎ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም፤ እንግዲህ መንገደኛ ነው። እኔ ስሙን በዚያ እጠራዋለሁ።» አያቴ ተነሥተው የካህኑን መስቀል ተሳለሙ። እኔ ከዚያ በኋላ በቅኔም በትርጓሜም ብዙ የተራቀቀ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ በቀላል ቃል ሰውን የሚያሳርፍ ግን ጥቂት ነው የሰማሁት።

አያቴ ዐረፉ፤ እማማ ግን አላረፈችም። በዚህ ነገር ላይ እውነቱን ልናገር ይገባኛል፤ የሞተ ሰው ሁሉ በጽሑፍ ጻድቅ ይሆናልና። እማማ ልታለቅስ ትፈልግ ነበር። ጥቁር ልትለብስ፥ ጸጕሯን ልትላጭ፥ ጎረቤት መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንዲላት ትፈልግ ነበር። ባሏ ባልፈቀደበት ቤት ይህን ማድረግ አልቻለችም። ስለዚህም በአገሩ ያለውን ልቅሶ ሁሉ ትሄድ ጀመር። የማታውቀው ሰው እንኳ ቢሞት የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ሄዳ ታለቅሳለች፤ ከባለቤቶቹ ይልቅ ታለቅሳለች። አልቃሾች ያወቁባት ይመስለኛል፤ በግጥማቸው መካከል ስለ ሩቅ አገርና ስለ ጠፋ ልጅ እያነሡ ያስለቅሷት ነበርና። አያቴም ይህን አያውቁም አልልም፤ ከልቅሶ በመጣች ቀን እግሯን የሚያጥቧት እርሳቸው ነበሩ። የእርሳቸው ትዕግሥት በእርሷ ላይ ምን ያህል ሸክም እንደ ጣለባት ሳስብ ስለ ጽኑ አባቶች የምንናገረው ምስጋና ሁሉ ግማሽ ሆኖ ይታየኛል። እማማ በኅዳር 1987 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ስሟንም የፋቅሁት እኔ ነኝ።

አያቴ ለሌላ ሰው ግን እንዲህ አልጸኑም። ለአጎቴ የታጨችው ልጅ ሦስት ዓመት ያህል ጠብቃ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ወደ አባቷ ቤት ሄዱ። «ልጄን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ አባቱ ነኝና። ይህች ልጅ ግን የማንም ባለ ዕዳ አይደለችም» ብለው እጮኝነቱን ራሳቸው ፈቱላት፤ ለትዳሯ መነሻ ይሁናት ብለውም አንዲት የወተት ላም ሰጡ። ከአራት ልጆቿ ሦስቱ በአያቴ ቅጠል ላይ በሕያዋን መደብ ተጽፈዋል። «እነርሱ ከየት ወገን ናቸው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ሊሆኑ የነበሩ የልጅ ልጆቼ ናቸው» አሉኝ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ወደ አገሩ ይጐርፍ ጀመር። አያቴ ወደ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ሳሉ ማለዳ ማለዳ ወደ ዋናው መንገድ ወርደው በአንድ ዋርካ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ ከአጠገባቸው በአገልግል ዳቦና በቅል ውኃ አለ። የሚያልፈውን ወታደር አስቀድመው ያበሉታል፤ ከጠገበ በኋላ ብቻ ይጠይቁታል። አንዱ «ሲማረክ በዓይኔ አይቻለሁ» አላቸው። ሌላው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ «መኪናዎቹ በጠባቡ መንገድ በተቃጠሉበት ቀን ወድቋል» አላቸው። ሁለቱንም ስንቅ ቋጥረው ሸኟቸው። እናቴ «ማንኛቸውን አመኑ?» ብትላቸው «ሁለቱም ደክሟቸው ነበር» አሉ እንጂ ሌላ አልመለሱም። መስከረም ሲጠባ፥ የሚያልፍ ወታደርም ሲጠፋ፥ ከዋርካው ሥር መቀመጣቸውን ተዉ።

አያቴ ያረፉት በ1993 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ ነው። ሥጋ ወደሙን ከተቀበሉ በኋላ ዳዊቱን አስመጥተው በእጄ አኖሩት። «የእኔን ነገ ፋቀው» አሉኝ፤ «ደኅና አድርገህ ፋቀው፥ ከላዩ የሚጻፍ ልጅ አይጠፋም። የእርሱን ግን እስክትሰማ ድረስ አትንካው።» የእርሳቸውን በማግሥቱ ፋቅሁ። እውነትም አርባቸው ሳይወጣ የእኅቴ ልጅ ተወልዳ ስሟ በቦታቸው ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ ቀረ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ዕርቅ ሲወርድ፥ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ተከፍቶ ሰው ከሰው ሲተቃቀፍ፥ እናቴ በስልክ ጠራችኝና «ያ ስም አሁንም በወዲህ ነው ያለው?» አለችኝ። «በወዲህ ነው» አልኋት። ወደ አሥመራ ለሚሻገር አንድ ነጋዴ ስሙንና መልኩን ጽፈን ሰጠን። ነጋዴው አንድ ጊዜ ተመልሶ «ገና እየጠየቅሁ ነው» አለን፤ ወራት ሳይቈይ ድንበሩ ዳግመኛ ተዘጋ። እናቴም ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ ዳዊቱን ባየች ጊዜ ግን ቅጠሉን ገልጣ በጣቷ ትዳስሰዋለች። ማንበብ አትችልም፤ ልስላሴውን ፈልጋ ነው። በዚያ መደብ ራስ ላይ ከተጻፉት ከቀደሙት ስሞች መካከል ሳይፋቅ የቀረው እርሱ ብቻ ነውና።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ልጆቻቸው የት እንደ ወደቁ ያልሰሙ አባቶችና እናቶች ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። በየትኛው እናስጠራው ይሉኛል። ካህናት ወንድሞቼም ይህ ጥያቄ በየደብራቸው እንደሚያገኛቸው አውቃለሁ። እኔ ፍርድ አልሰጥም፤ ወደየንስሐ አባታቸው እሰዳቸዋለሁ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ስለ መንገደኞች የሚጸለየውን ጸሎት እነግራቸዋለሁ። ደግሞም ባልና ሚስት አብረው የመጡ እንደ ሆነ ሚስቲቱን ለብቻዋ «አንቺስ ማልቀስ ትፈልጊያለሽን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ሁለተኛውን የተማርሁት ከእማማ ነው።

ዳዊቱ አርጅቶ ጥራዙ ስለ ተፈታ ባለፈው ዓመት ወደ አንድ ደጓሽ ወሰድሁት። ሰውየው ጸሓፊም ስለ ሆነ የመጨረሻውን ቅጠል ወደ መስኮቱ ይዞ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። በመፋቅ ብዛት ሳስቶ በሁለት ስፍራ ተበስቷልና አዲስ ብራና ዳምጦ ስሞቹን ሊገለብጥልኝ ተስማማን። አንድ በአንድ እየጠራሁለት፥ ያረፈውን ወደ ወዲያ፥ ያለውን ወደ ወዲህ ሲጽፍ ሲጽፍ ከአጎቴ ስም ደረሰ። ብርዑን ከቀለሙ ቀንድ ላይ አንሥቶ «ይህስ? ሰውየው አሉ?» አለኝ።

«ቢኖር ስድሳ ዓመቱ ነው» አልሁት።

ደጓሹ ጥቂት ጠበቀኝ። ቀለሙ በብርዑ ጫፍ ላይ መድረቅ ሲጀምር ዳግመኛ ነከረውና አሮጌው ቅጠል እንደሚያሳየው ከወዲህ መደብ ጻፈው።